ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሕንፃ

ኅዳር አጋማሽ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ባለ መስታወት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል። መጋረጃው ያልደረሰበት ጥግ በካርቶን ተደፍኗል፤ ካርቶኑ ላይ የኮምፒዩተር ስም ይነበባል። ውጭ ፀሐይዋ እየነደደች ውስጥ የኮርኒስ መብራቶች ሁሉ በርተዋል። ሁለት ቬንትሌተሮች አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ሙቅ አየር ያመላልሳሉ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሹራቧን ወንበሯ ላይ ሰቅላለች። ጠዋት ስትገባ ለብሳው ነበር፣ ያኔ ይኸው ክፍል ያንቀጠቅጥ ስለነበር። ከኮሪደሩ ማዶ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚያየው ክፍል፣ ባልደረቦቿ መስኮት ከፍተው፣ መብራት አጥፍተው ይሠራሉ። የሁለቱ ክፍሎች ኪራይ በካሬ ሜትር አንድ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ወደ መንገዱ መውረድ ይበቃል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ኤርፖርቱ ሲኬድ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመራል። በግራ በኩል የተደረደሩት ሕንፃዎች መንገዱን እንዲያዩ ሲባል ፊታቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሯል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትቆመው በዚያው በኩል ነው። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ መስታወቱን ያለበሰው በዚሁ በፊት ለፊቱ ነው፤ ከኋላው፣ ብርሃኑ ለስላሳ በሆነበት በኩል፣ ብሎኬትና ትንንሽ መስኮት።

አንድ ሕንፃ ኃይል ቆጣቢ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጣሪያ ላይ የተደረደረ ሶላር ነው፤ አለዚያም ኤልኢዲ አምፖል፣ አለዚያም ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ኤሲ። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፣ ግን ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። ሕንፃው ለሃምሳ ዓመት ምን ያህል መብራት እንደሚበላ በአብዛኛው የሚወሰነው አርክቴክቱ የመጀመሪያውን ንድፍ በሚሠራባቸው ሳምንታት ነው። የትኛው ወገን ረጅም ይሁን፣ የትኛው አጭር፣ መስኮቱ በየት በኩል ይስፋ፣ ጥላውን ምን ይስጠው፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት ይውጣ፤ እነዚህን በእርሳስ መወሰን ምንም አያስወጣም። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለማረም ግን ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ሰው ከሚጠቀመው ኃይል 30 በመቶ ገደማው የሚውለው ሕንፃዎችን ለማሞቅ፣ ለማቀዝቀዝ፣ ለማብራትና በውስጣቸው ያሉትን መሣሪያዎች ለማንቀሳቀስ ነው።

በአዲስ አበባ የሚያስቆጨው ከተማው ማቀዝቀዣም ማሞቂያም እምብዛም የማይፈልግ መሆኑ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ ቀን ሙቀቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሆናል፣ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ብዙ አገሮች በማሽን የሚገዙት አየር እዚህ መስኮት ሲከፈት የሚገኝ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ኤሲ የሚያስፈልገው ቢሮ፣ ሰርቨር ክፍልና እንዲህ ያለውን ልዩ ቦታ ከተውን፣ ሙቀቱን ከአየሩ አላገኘውም። ራሱ ሰብስቦ ያስገባው ነው።

እንዴት እንደሚሰበስበው በቁጥር እንየው። አንድ ክፍል ስፋቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የመስታወት ግድግዳ አለው እንበል፤ 18 ካሬ ሜትር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 600 ዋት ያህል ታሳርፋለች ብንል ጠቅላላው ከ10 ኪሎ ዋት ይበልጣል። ተራ ጥርት ያለ መስታወት ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል፤ ወደ ክፍሉ የሚገባው ከ8 ኪሎ ዋት ተኩል በላይ ነው ማለት ነው። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ያቺ ሒሳብ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላውን የምታሳልፈው ሁለት ምጣድ ተኩል ተጥዶ ጎኗ እየተጋገረበት ነው። አንጸባራቂው፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው መስታወት ቁጥሩን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ያም ቢሆን አንድ ምጣድ ከምናምን ነው። ደግሞም አንጸባራቂው የመለሰው ብርሃን የትም አይጠፋም፤ ከመንገድ ማዶ ያለው ጎረቤት መስኮት ላይ ያርፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን መስታወት? አርክቴክቶቹ አያውቁም ማለት ስድብ ይሆናል። የፀሐይ አቅጣጫ በአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ባለቤቱ ፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምስል ይቀርባል። አንዱ ጥልቅ መስኮቶችና የጥላ ክንፎች ያሉት፣ ሌላው ከታች እስከ ላይ መስታወት።

«ኢንጂነር፣ ይሄኛው የድሮ መሥሪያ ቤት አይመስልም?»

«ጋሼ፣ ጥላው እኮ ነው ክፍሉን ቀዝቃዛ የሚያደርገው።»

«ማቀዝቀዣውን ተከራዩ ያስገባል። መስታወት ካልሆነ ማን ባንክ ይከራየኛል?»

ባለቤቱ የሚናገረው የልቡን ነው፤ በገበያው ሒሳብም አልተሳሳተም። ሕንፃውን የሚሠራው እርሱ ነው፣ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ተከራዩ። ጥላ ለማውጣት ተጨማሪ ሲሚንቶና ፌሮ ከኪሱ ያወጣል፤ ከቁጠባው አንድ ብር አይደርሰውም። ከርተን ዎል የሚባለው የመስታወት ግድግዳ ደግሞ ቶሎ ይገጠማል፣ ከግንብ ይቀላል፣ ልስንና ቀለም አይጠይቅም። መስታወቱና የአሉሚኒየም ፍሬሙ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ መሆናቸው እንኳ ባለሀብቱን ከሐሳቡ አላናወጠውም። ይህ የፍላጎት መራራቅ ካልተፈታ የቱንም ያህል ሥልጠና ለአርክቴክት ቢሰጥ የቦሌ መንገድ መልክ አይለወጥም ባይ ነኝ።

ወደ ፀሐይዋ እንመለስ፤ የዚህ ሙያ ዋና ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የቀረውን የዓመቱን ክፍል በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ከደቡብ አድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ አላት። ሰኔ ላይ ከሰሜን 76 ዲግሪ ያህል። ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው። ከፍ ያለች ፀሐይ ደግሞ ለአርክቴክት ታዛዥ ናት፤ ከመስኮቱ በላይ ትንሽ ታዛ ከወጣላት አትገባም።

ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት በሰሜን በኩል የሰኔን የእኩለ ቀን ፀሐይ ለመከላከል ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ታዛ ይበቃዋል። በደቡብ በኩል የታኅሣሥን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ለቢሮና ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው መልስ ይለያያል። ቢሮ በሰውና በኮምፒዩተር ራሱን ስለሚያሞቅ ሙሉ ጥላ ይሻለዋል። መኖሪያ ቤት ግን የታኅሣሥ ጠዋትና ሌሊት ይበርደዋል፤ ስለዚህ በደቡብም በኩል ያንኑ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብናወጣለት፣ በብርዱ ወር የመስኮቱ ታችኛው ግማሽ ፀሐይ ያገኛል፣ ወለሉም ይሞቃል። በዚህች በ55 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተነሳ አንዱ ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገዛል፣ ሌላው አይገዛም።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ 30 ዲግሪ ስትወርድ ለዚያው መስኮት ጥላ ለመስጠት 2 ሜትር ከ60 የሚያህል ታዛ ሊወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይብስ ትወርዳለች። እንዲህ ያለው በረንዳ እንጂ ታዛ አይባልም። በዚህ በኩል የሚሠራው በመስኮቱ ጎን የቆመ ክንፍ፣ ወደ ግድግዳው ውስጥ የገባ መስኮት፣ ቀዳዳ ያለው የግንብ መጋረጃ፣ ወይም ከሁሉ የሚቀለው፣ መስኮቱን ማሳነስ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ንድፍ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚረዝመው፤ ሰፊዎቹ ፊቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ጠባቦቹ ጫፎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ።

«ቦታዬ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በከተማችን ቦታ የሚሸነሸነው በመንገዱ ልክ እንጂ በፀሐይዋ አይደለም። የሚደረገው ግን አለ። ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱና ዕቃ ቤቱ በምዕራብ በኩል ይደርደሩ፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የማይቀመጥባቸው ስለሆኑ ቢሞቁም የሚጎዳ የለም፤ ለቢሮዎቹም እንደ ወፍራም ግድግዳ ሆነው ይከላከሉላቸዋል። ባለቤቱ መንገዱን የሚያይ ውበት ከፈለገ ደግሞ ያ የምዕራብ ፊት በጥርብ ድንጋይ፣ በጡብ ወይም በጥላ ክንፎች ማጌጥ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሕንፃው ውፍረት ነው። የቀን ብርሃን ለሥራ በሚበቃ መጠን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመስኮቱ ራስ ከፍታ ሁለት እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። መስኮቱ እስከ 3 ሜትር ከፍ ካለ ከ6 እስከ 7 ሜትር ተኩል። ከሁለት ወገን ብርሃን የሚያገኝ ሕንፃ እንግዲህ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር ብዙ መስፋት የለበትም። አሁን የሚሠሩት ግን የቦታቸውን እያንዳንዱን ካሬ ለመሸጥ 25፣ 30 ሜትር ይሰፋሉ። መሐሉ ላይ የሚቀመጠው ሰው በአገራችን በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሐል ቀኑን ሙሉ በአምፖል ይሠራል። ወፍራም ሕንፃ ነፋስም አያሳልፍም። ስለዚህ ኤሲው የሚገባው ለመስታወቱ ብቻ ሳይሆን ለውፍረቱም ነው።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒውን በትልቅ የንግድ ሕንፃ የሞከረችው ከተማ የዚምባብዌዋ ሐራሬ ናት፤ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀኗ ሞቅ ብሎ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ። እዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢስትጌት ሴንተር የዚምባብዌያዊው አርክቴክት የሚክ ፒርስ ሥራ ነው፤ ምሕንድስናውን አሩፕ የተባለው ኩባንያ ሠርቶታል። ሁለት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸው በመስታወት የተከደነ ረጅም ክፍት ቦታ አለ። የተለመደው ዓይነት ኤሲ የለም። ሌሊት ላይ ቬንትሌተሮች የውጭውን ቀዝቃዛ አየር ይስቡና በየቢሮው ወለል ሥር በተተወው ባዶ ቦታ ውስጥ ይነዱታል። ወለሉ ኮንክሪት ነው፣ ከሥሩም አየሩን በብዛት እንዲነካ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ ተሠርቷል። ሌሊቱን በሙሉ ቅዝቃዜ ይጠጣል። ቀን ላይ አየሩ በዝግታ በዚያው በቀዘቀዘው ኮንክሪት ላይ አልፎ ከግድግዳው ሥር ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ከሰውና ከመሣሪያ ሙቀት ሲወስድ ይነሣና በኮርኒሱ በኩል ወጥቶ ጣሪያው ላይ ባሉ 48 ጭስ ማውጫ መሰል ማማዎች ይጠፋል። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታቸው ግድግዳዎች ላይ መስኮት ከሩብ በላይ እንዳይሆን ተወስኗል።

ባለንብረቱ ይህን የፈቀደው ለአየር ንብረት ተቆርቁሮ ብቻ አልነበረም። የኤሲው ማሽን ባለመገዛቱ የግንባታው ወጪ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደቀነሰ ይነገራል፤ ሕንፃውም በከተማው ካሉ ኤሲ ካላቸው መሰሎቹ 35 በመቶ ያነሰ ኃይል እንደሚጠቀም ተዘግቧል። ፒርስ ሐሳቡን ከምስጥ ኩይሳ እንዳገኘ ይናገራል። ኋላ ኩይሳውን ያጠኑት ተመራማሪዎች ግን ምስጦቹ ጎጇቸውን በዚያ መንገድ እንደማያቀዘቅዙ አገኙ። አርክቴክቱ በተሳሳተ ምሳሌ ትክክለኛ ሕንፃ ሠራ ማለት ነው፤ ይህ በሙያው ውስጥ ብርቅ አይደለም። ናይሮቢ ላይም በ2011 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ በተፈጥሮ አየር እየተነፈሰ፣ በጣሪያው ሶላር እየታገዘ ይሠራል። የአዲስ አበባ ሌሊት በዓመት አማካይ ከሁለቱም ከተሞች ይቀዘቅዛል፤ አንድ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ነፃ ማቀዝቀዣ የት ያገኛል?

ለእኛ ከሙቀቱ ይልቅ ብርዱ ይታወቀናል፤ ለመኖሪያ ቤት ደግሞ ዋናው ጉዳይ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ከሥሩ ውኃ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ቀን ደግሞ ይጋላል። በመካከሉ ያለችው ስስ ኮርኒስ ከእይታ በቀር ብዙ አትጋርድም። ከኮርኒሱ በላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ፎም፣ ግላስ ውል ወይም አየር አምቆ የሚይዝ ሌላ ነገር ቢነጠፍ በሁለቱም ወገን ይረዳል። የሣር ክዳን ይህን ሥራ ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል። መካኒሳ የሚገኘው የዞማ ሙዚየም፣ የሠዓሊው የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ሥራ፣ ጭቃና ጭድ የድህነት ምልክት ተደርጎ ከሚታይበት አስተሳሰብ ወጥቶ ለዓይን የሚማርክ ግድግዳ ሊሆን እንደሚችል በ2019 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፈት አሳይቷል። ጭቃው ሲሚንቶና አሉሚኒየም ሲመረቱ የሚፈጁትን እሳት አይጠይቅም። አሥር ፎቅ በጭቃ ይሠራ የሚል የለም፤ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ግን የክፍል መካፈያ ግድግዳው ሁሉ ብሎኬት እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር አይታየኝም።

ሳይታሰብ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ሕንፃም አለን፤ ኮንዶሚኒየም። በጥራቱ ስንት እንደተባለ አውቃለሁ። ግን ባለ ጂ+4ቱን እዩት። ሊፍት የለውም። ደረጃውና ኮሪደሩ ክፍት ስለሆኑ ቀን መብራት አይፈልጉም። ስስ ነው፣ ብዙዎቹ ቤቶች በሁለት ወገን መስኮት ስላላቸው ነፋስ ያልፍባቸዋል። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ብሎኮቹ ግቢ ለመፍጠር ሲባል በየአቅጣጫው ስለተቀመጡ አንዱ ቤተሰብ የደቡብን ፀሐይ ሲያገኝ ጎረቤቱ ምዕራብን ታቅፎ ቀረ። ዕጣው ሲወጣ ግን ሁሉም የሚጠይቀው ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰው ነው።

ቆላው የራሱ ሕግ አለው። በሰመራ ወይም በድሬዳዋ ዋናው ነገር ጥላ፣ ነጭ ቀለምና ከክፍሉ ራቅ ያለ ጣሪያ ነው። የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ በ2001 እ.ኤ.አ. በአገሩ፣ በጋንዶ መንደር፣ በሠራው ትምህርት ቤት የሸክላ ኮርኒሱን ቀዳዳ ሰጥቶ፣ ቆርቆሮውን ከላዩ አንሥቶ በፌሮ ትራስ ላይ አቆመው። ነፋሱ በሁለቱ መካከል እያለፈ ሙቀቱን ይጠርጋል። ሰውየው በ2022 እ.ኤ.አ. ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ አግኝቷል፤ ጣሪያው ግን ማንኛውም ብየዳ የሚችል ሠራተኛ የሚሠራው ነው። ለደጋ የተሠራ ፕላን አንድ መስመር ሳይለወጥ ቆላ ወርዶ ሲገነባ ማየት የሚያናድደው በዚህ ምክንያት ነው።

«መብራታችን እኮ ከግድብ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ለምን እንቆጥባለን?» የሚል ክርክር በተለይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይሰማል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኃይሉ ግድቡ ላይ ቢትረፈረፍም ወደ ስድስተኛ ፎቅ የሚደርሰው በትራንስፎርመርና በሽቦ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ደግሞ በናፍጣ ነው የሚሠራው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ከዚህ በኋላ ተከራዮች ኪራይ ሲደራደሩ የመብራት ሒሳቡን ማንሳታቸው አይቀርም፤ ባለቤቱ አርክቴክቱን መስማት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ቆመው ያሉት ሕንፃዎችስ? መጋረጃ ብዙ አይረዳም። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ መጋረጃው ላይ ስታርፍ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ጥላው ፀሐይዋ መስታወቱን ከመምታቷ በፊት መቆም አለበት፤ ከውጭ። የሚደረገው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ ከተዘጋው መስታወት ውስጥ ጥቂቶቹን ከላይና ከታች ተከፋች ማድረግ፤ ሙቁ አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ቀጥሎ በደቡብ ምዕራቡ ፊት ላይ ብቻ፣ ከመስታወቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ያለ የብረት ፍሬም አቁሞ፣ ባለ ቀዳዳ ላሜራ ወይም የአሉሚኒየም ክንፎች መግጠም። በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ባለቤቶች የሕንፃቸውን ፊት እያደሱ ባሉበት ጊዜ ሥራው ከፊት ልባሱ (ከክላዲንጉ) ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ መወጣጫው ለአንዱ ከቆመ ለሌላውም ያገለግላል። ፍሬሙ ክብደቱን የሚጥለው በሶሌታው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ስትራክቸራል መሐንዲስ ሳያየው አይገጠም። በፍሬሙና በመስታወቱ መካከል ባለው ክፍተት የብረት መረማመጃ ከተነጠፈ ደግሞ ዛሬ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራው መስታወት አጣቢ ቆሞ ማጠብ ይችላል።